አዴ ጫልቱ ያመጡልን አጋም

ልጅ እያለሁ እናቴ በናዝሬት አፈር ላይ ጽጌረዳ ላብቅል ብላ ስንት ጊዜ እንደተሸነፈች ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ውሃውን ከቦኖ የምቀዳው እኔ ነበርኩና። ጊዜው የደርግ ነው። መምህሩ አባቴ ከደብረ ብርሃን ወደ ናዝሬት ሲዛወር፣ እናቴ ከዕቃው ሁሉ አስቀድማ የጫነችው በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለለችውን የጽጌረዳ ቁርጥራጭ ነበር።

ናዝሬት ግን ደብረ ብርሃን አይደለችም። ነፋሱ ቅጠሉን አቧራ ያለብሰዋል፣ ጠዋት ያጠጣነውን ፀሐይዋ ከቀትር በፊት ትጠጣዋለች። ቦኖው በሳምንት ሁለት ቀን ሲከፈት ተሰልፌ የማመጣው ውሃ ለቤትም አይበቃ። ጽጌረዳው ለሦስተኛ ጊዜ ሲደርቅ እናቴ ነቅላ ጣለችውና ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። "እኔም እዚህ እንዲሁ ነው የምደርቀው" አለችው አባቴን። ጎረቤት አልለመደች፣ የገበያውን ቋንቋ አትሰማ፤ ለቅሶዋ ለአበባው ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ መጡ። የደራ ሰው ናቸው፤ አባቴ በቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ሲያስተምር ተማሪው ነበሩ። በወተት ጣሳ ከነአፈሩ ስንዝር የማይሞላ እሾሃም ችግኝ ይዘዋል።

"አገምሳ ነው፣ አጋም። ይሄ ውሃ ውሃ አይልም፤ እሱን ትከዪ" አሏት።

የእናቴ ፊት ተለዋወጠ። "የዱር እሾህ ደጄ ላይ ምን ይሁነኝ ብለው ነው?"

አዴ ጫልቱ ጣሳውን መሬት አስቀምጠው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ይተላለፉ ጀመር።

ችግኙን አጥሩ ጥግ የተከልኩት እኔ ነኝ። ክረምት እየገባ ነበር። አዴ ጫልቱ በአጥሩ ቀዳዳ አይተውኝ፣ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጉድጓዱን ጠለቅ አርጊው። ክረምቱን ዝናብ ይጠጣ፤ በጋ ሲሆን ዕቃ ያጠብሽበትን ውሃ በሳምንት አንዴ ጣል አድርጊለት። ከዓመት በኋላ ተዪው፣ ራሱ ፈልጎ ይጠጣል" አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ።

በሁለተኛው በጋ ቦኖው ለሦስት ሳምንት ተዘጋ። የሰፈሩ አትክልት ሁሉ ሲቃጠል አጋሙ አንድ ቅጠል አልጣለም። እናቴ ስታልፍ ስታገድም በጎን ታየው ጀመር። በቀጣዩ ዓመት፣ ጥቂት የበልግ ዝናብ እንደጣለ፣ ከትምህርት ቤት ስገባ ግቢውን የማላውቀው ጣፋጭ ሽታ ሞልቶታል። አጋሙ በትናንሽ ነጫጭ አበቦች ተሸፍኗል፤ እናቴ ንብ ዙሪያዋን እየዞራት፣ ዓይኗን ጨፍና ሽታውን ትምገዋለች።

ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጄን ይዛ ወደ አዴ ጫልቱ ቤት ወሰደችኝ። ያን ደጅ ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነበር። "አዴ፣ በድዬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ" ብላ ጎንበስ ስትል አፈፍ አድርገው አቀፏት።

"አበበ እንዴ?" አሉ።

"አበበ።"

"እንግዲያ ፍሬው ሲጠቁር ታቀምሺኛለሽ።"

እናቴ መንገድ ላይ ከእኔ የተማረችውን "ገለቶማ" የሚል ምስጋና በተንሻፈፈ አፍ ስታወጣው ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን።

ዛሬ ናዝሬት አዳማ ተብላለች፤ ውሃው በቧንቧ ቤት ድረስ ይመጣል፣ መንገድ ዳር ስሙን የማላውቀው የውጭ አበባ ሁሉ ይሸጣል። አጥሩ ግን ብሎኬት ሆኖ በቀዳዳ አይቶ የሚመክር ጎረቤት ጠፋ፤ እሱ ይቆጨኛል። አጋሙ ከጣሪያችን እኩል ደርሶ ዛሬም ያብባል፣ የሰፈሩ ሕፃናት ፍሬውን ለቅመው ከንፈራቸው ጠቁሮ ይሄዳሉ። እናቴም በኦሮምኛ ገበያ ስትከራከር የሚረታት የለም።

አዴ ጫልቱ ያረፉ ጊዜ ለቀብር ደራ ሄድን። ዘመዶቻቸው እናቴን እጇን ይዘው ከአዴ እህቶች መሃል አስቀመጧት። ማናት ብሎ የጠየቀ አልነበረም።