የአዳዳ ጫልቱ ሳሎን የባሕር ውሃ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሳሎን ካስቀመጠው የዓሣ ገንዳ አጠገብ ሆኖ «እማዬ፣ ፒኤቹ ወርዷል፤ ውሃው አሲድ እየሆነ ነው» አለኝ። ውሃውን ሳላይ ተነሥቼ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትኩ። የነቀምቴ ዝናብ ገብቶ መጋረጃውን አራሰው። ልጄ ሳቀብኝ። 

ይህ ፍርሃት የጀመረኝ ኮሌጅ ኬሚስትሪ ስማር ነው። የዚያን ዓመት ክረምት ያሳለፍኩት አክስቴ ጫልቱ ቤት ነው፤ የአባቴ እኅት ስለሆነች በኦሮምኛው አዳዳ እላታለሁ። ባሏ ጋሽ ኦላና ጅቡቲ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሌላው ሾፌር ሰልባጅና ቴምር ሲያመጣ እሱ የባሕር ውሃ በጀሪካን ያመጣል! ሳሎን ባለው የመስታወት ገንዳ ሁለት ዓሦችና ድንጋይ የሚመስሉ፣ ግን ሕይወት ያላቸው ኮራሎች ነበሩት። ሲሄድ ገንዳውን ለእኔ አደራ ሰጠኝ።

«ከገንዳው ትንሽ ቀድተሽ የመለኪያውን ጠብታ ስትጨምሪበት ውሃው ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ወደ አረንጓዴ ከሄደ አሲድ በዝቷልና ሶዳ አድርጊበት። ኮራሎቹ ከሞቱ ግን እኔና አንቺ አንተዋወቅም።»

ቀልዱን ነበር። እኔ ግን የምሬን ፈራሁት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ማሞቂያው ቆመ፤ ገንዳው መቀዝቀዝ ጀመረ። ከሰል አቀጣጥዬ ምድጃውን ከገንዳው አጠገብ ያስቀመጥኩት፣ ሙቀቱ እንዳይወጣም መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። አዳዳ ደስ አላት።

«በቆሎም እንጠብስበታለን፣ ኢንተላ ኮ» አለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። እሸቱን እየፈለፈልን በላን። ከዚያ እሷ ሶፋው ላይ ጋደም አለች።

ውሃውን ስለካ አረንጓዴ ሆነ። ሶዳ ጨመርኩ። ትንሽ ቆይቼ ስለካው ብሶበታል። አየር ያግኝ ብዬ በጭልፋ እየቀዳሁ ከላይ ደጋግሜ አፈሰስኩት፤ ለሦስተኛ ጊዜ ስለካው አረንጓዴው ይበልጥ ደመቀ። የጋሽ ኦላና ፊት እየመጣብኝ ላብ አጠመቀኝ።

«ራሴን ሊፈልጠኝ ነው» አለች አዳዳ ከኋላዬ።

«ዝናቡ ነው፤ ትንሽ ተኚ» አልኳት፣ ዞር እንኳ ሳልል።

እንደገና ልለካ ስል እኔንም አዞረኝ። የጠብታው ጠርሙስ ከእጄ ወደቀ። ገና ያኔ ገባኝ። ውሃውን አሲድ የሚያደርገው ከከሰሉ የሚወጣው አየር ነበር፤ በጭልፋው የማጠጣውም ያንኑ አየር ነው። እኛም የምንተነፍሰው እሱኑ ነው።

«አዳዳ!»

አልመለሰችም። መስኮቱንና በሩን በርግጄ ብብቷን ይዤ ወደ በረንዳው ጎተትኳት። እግሯ ምንጣፉን ይዞ ይጎተት ነበር። ዝናቡ ፊቷን ሲመታው እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። ጮህኩ፤ ጎረቤት ደረሰ። ሞታለች ብዬ ነበር። በመጨረሻ አሳላት፣ ዓይኗንም ገልጣ «ማል ተኤ?» አለች፤ ምን ተፈጠረ? እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ኮራሎቹ በብርዱ ነጥተው ሞቱ። ጋሽ ኦላና ሲመለስ ወደ ገንዳው አልዞረም፤ እጄን ይዞ አለቀሰ። ከአኖ ከተማ ጀምሮ መንገድ ላይ ላገኘው ሾፌር ሁሉ ሚስቱን እንዳተረፍኩለት አወራ።

አዳዳ አሁን ዲጋ ትኖራለች። ልጠይቃት ስሄድ ለእንግዶቿ «ያተረፈችኝ ይህቺ ናት» ትላቸዋለች። ከሰሉን ማን እንዳስገባው ታውቃለች፤ ይቅርም ብላኛለች። ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። ያን ቀን የውሃውን ቀለም ሦስት ጊዜ አይቻለሁ፤ ራሴን አመመኝ ስትለኝ ግን ፊቷን አንድ ጊዜም አላየሁም።