የጌሾው ውኃ

ያ በጋ የምንጠጣው የኪኔሬት ሐይቅ ጎደለ፣ ሣር ማጠጣት ክልክል ነው እየተባለ ጠዋት ማታ በቴሌቪዥን የሚነገርበት ነበር። ለእናቴ አዲስ ነገር አልነበረም። ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር በሚገኘው ቤታችን፣ እሷ ፊት ቧንቧ ከፍቶ እጅ መታጠብ አይሞከርም። ገበታ ሲቀርብ ጆግና ትንሽ ሳፋ ይዛ ትመጣለች፤ እሷው ታስታጥበናለች፣ ሳፋው ላይ የተጠራቀመው ውኃ ጓሮ ወዳለው ጌሾዋ ይሄዳል። ትልቅ ሰው የሆንኩት እኔም «ሳሙና አታብዛ፣ ጌሾዬን ታቃጥለዋለህ!» እባላለሁ። እንግዳ ካለ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ጌሾው ከጎንደር በመጣ ዘር የበቀለ ነው። ከመስከረሙ በዓላት በኋላ ለሚሆነው የእህቴ ሰርግ ጠላ የምትጠምቀው በዚያ ቅጠል ነበር። የሱቅ ጌሾ ሲነሳባት ፊቷን ታዞራለች።

ወገቧን ያማታል። ያንን ውኃ በባልዲ ይዛ ስትንገዳገድ ማየት ቢሰለቸኝ፣ ሥሩ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ቱቦ ዘረጋሁላት።

«እማዬ፣ ይሄ ቲፍቱፎት ነው። በሰዓቱ ራሱ ይከፈታል፣ ራሱ ይዘጋል። በቃ፣ ባልዲውን ተይው።»

ጎንበስ ብላ አፈሩን ዳሰሰች። «ደረቅ ነው እኮ።»

«ውኃው ወደ ውስጥ ነው የሚገባው።»

«የማላየውን ውኃ እንዴት ብዬ ልመነው?»

ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ «እሺ ልጄ» አለችና ገላገለችኝ።

ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ሙቀቱ ነው ብዬ የቱቦውን ሰዓት ጨመርኩለት። ባሰበት። አንድ ዓርብ ከሥራ ቀደም ብዬ ስመለስ ባልዲዋን ጌሾው ሥር ስትገለብጥ ደረስኩባት።

«በየቀኑ ታጠጪዋለሽ?»

«ታዲያ በውኃ ጥም ይሙትልህ?»

ደሜ ፈላ። አካፋ አንስቼ ቆፈርኩ። ሥሩ ጠቁሮ በስብሷል፣ ይሸታል። የሰፈሩ ሣር ሁሉ በጥም ሲያልቅ የእኛ ጌሾ ውኃ በዝቶበት ሞተ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። በዚያ ቤት አንዲት ጠብታ በከንቱ የሚያፈስስ ሰው አልነበረማ!

እናቴ ሥሩን አሸተተችና ገባች። ለእራት እንደ ልማዷ አስታጠበችን። ሆን ብዬ ሳሙናውን አበዛሁት፤ እሷ ግን አረፋው እስኪለቅ ውኃ አፈሰሰችልኝ። ከዚያ ሳፋውን ይዛ እስከ ጓሮው በር ሄደች፣ ትንሽ ቆመች፣ ተመልሳም ውኃውን የወጥ ቤቱ ማጠቢያ ውስጥ ደፋችው።