የአያ ታደገ እግር

ልጅ ሆኜ፣ ደጋው መንደራችን ኮሶዬ ላይ ብርዱ በሚበረታባቸው ምሽቶች፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ታደገ ከምድጃው ዳር ተቀምጦ፣ ጢሱ ዓይናችንን እያስነባ፣ ዝሆኔ የያዘው እግሩ እንዴት እንዳበጠ ይተርክልን ነበር። አንድ ምሽት የእባብ አጥንት ረግጦ ነው፤ በሌላው ምሽት ምቀኛ መንታ መንገድ ላይ የቀበረበትን መድኃኒት ተራምዶ። ሁለቱ አይገጥሙም ስለው «አንቺ ልጅ፣ ዳኛ ነሽ?» ይለኛል። ያኔም ቢሆን ማስረጃ የሌለው ነገር አይዋጥልኝም ነበር።

ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ የእኔም እግር ያቃጥለኝ፣ ማታ ማታም ያብጥ ጀመር። የእባብ አጥንት አልረገጥኩም፤ የሚመቀኘኝም አልነበረም። እንደ እሱ ከሰው ተለይቼ ቤት ልቀር ነው፣ ትምህርቴም አበቃ ብዬ ፈራሁ። እግሬን ለአያ ታደገ ሳሳየው ተረቱ ጠፋበት። በማግስቱ ጎንደር ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ጫማዬን እንደ ልማዳችን እንዳያልቅ በእጄ ይዤ ሄጄ፣ ማኪና ልንሳፈር ስንል ተጫማሁ።

ሲስተሯ እግሬን አገላብጣ አየች። ቀዩ አፈር በባዶ እግር ቆዳ ሰርጎ ከእግር ፈሳሽ ወደ ላይ የሚመልሱትን የሰውነት ቀጫጭን ቧንቧዎች እንደሚያውክ፣ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ ገና ጅምር ስለሆነም በየቀኑ በሳሙና ታጥቤ፣ አድርቄ፣ ቅባት ተቀብቼ ከተጫማሁ እንደሚሻለኝ አስረዳችኝ።

«ጫማ አለሽ?»

«አለኝ። እንዳያልቅ በእጄ ነው የምይዘው።»

«እጅሽስ መቼም ደህና ነው» አለች።

አያ ታደገ ግን ተቀየመ። «አፈር? ይህን ሁሉ ዘመን ያሰቃየኝ አፈር ነው? ምነው ልጄ፣ ሌላ ሸጋ ምክንያት አጣሽልኝ?»

«አፈር ነው አባቴ» አለች ሲስተሯ። «ይልቅ እግርዎን እዚህ ሳፋ ውስጥ ያድርጉ።»

እግሩን በጋቢው ሸፈነ። እሱ ካልታጠበ እኔም አልታጠብም አልኩ። አፈጠጠብኝ፤ ከዚያ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ እግሩን ነከረ።

ትምህርቴን አላቋረጥኩም። የእኔ እብጠት ጠፋ፤ የእሱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

በዚያ ዓመት ጸሎተ ሐሙስ፣ ካህናቱ የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ፣ ሁልጊዜ ከኋላ ተደብቆ የሚቆመው አያ ታደገ ከፊት ተሰለፈ። ቄሱ በወይራ ቅጠል ውሃ አርከፍክፈው ሊያልፉት ሲሉ «አባ፣ ውሃው በጣቶቼ መሃል ይግባ እንጂ፤ ከዚያም ጥሩ አድርገው ያድርቁት» አለ።

የምሽቶቹ ተረቶች አሁን ደብዝዘውብኛል። የቀረኝ፣ ቄሱ ሳቃቸውን ውጠው ጎንበስ ብለው የአያ ታደገን ጣቶች አንድ በአንድ ሲያደርቁ፣ እሱ ከላይ ሆኖ «ትንሿም አለች» ሲላቸው ነው።