የሸክላ ፍሬን ይዘን ዲላ

ዓርብ፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ አዲስ አበባ

ታላቅ ወንድሜ ካሌብ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። የጥርስ ሐኪም ነው፤ መነጽር ያደርጋል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም። ዛሬ ግን ገና ወፍ ሳይንጫጫ በሬን ደበደበው።

"ሜሮን፣ ተነሽ እንጂ! ከተማው ሳይነቃ እንውጣ!"

ስወጣ መኪናዋ ቆማለች። ቢጫ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ አስፋልቱን ሊስም ጥቂት የቀረው ስፖርት መኪና። ለዓመታት ሲመኛት ኖሮ ከሰው እጅ ከገዛት ገና አራት ወሩ ነው፤ ከአዲስ አበባ አውጥቷት አያውቅም። የምንሄደው ሠርግ ነው። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ስማር አንድ ክፍል አብራኝ የኖረችው ሰላማዊት እሑድ ታገባለች። እሷ ከጌዴብ ወዲያ የወርቃ ልጅ ናት፤ ሙሽራው ታምራት ዲላ ከተማ አስተዳደር ይሠራል። ካሌብ ይህን የሰማ ቀን "ሙሽራዋን ከወርቃ ዲላ የማወርዳት እኔ ነኝ!" ብሎ ፎከረ። በስልክ ስነግራት የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ገና ከከተማ ሳንወጣ ስለ ፍሬኗ ትምህርት ጀመረኝ። "የሌላው መኪና ዲስክ ብረት ነው። የእኔዋ ሴራሚክ! ካርቦን ያለበት። ቶሎ አያልቅም፣ አይዝግም፣ ክብደቱ ላባ ነው።" ዲስክ የሚለው ከጎማው ኋላ የሚሽከረከረውን ክብ ነገር ነው፤ ፍሬን ሲያዝ የፍሬን ሸራው ከሁለት ወገን ይጨብጠውና መኪናዋ ትቆማለች። እኔ ግን መስኮቱን ከፍቼ ፀሐይዋን እያየሁ ነበር። ደስታው ተጋብቶብኝ ያለ ምክንያት እስቃለሁ።

ዓርብ፣ ቀን ስምንት ሰዓት፤ ከሐዋሳ አልፈን

ሐዋሳ ላይ ዓሣ ጥብስ በላን። የዓሣ ቤቱ አስተናጋጅ ትዕዛዛችንን ረስቶ መኪናዋ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ሲነሳ ሄጄ ያዝኩት። ከዚያ ወደ ደቡብ። መንገዱ እየጠበበ፣ አረንጓዴው እየወፈረ ሄደ፤ እንሰት፣ ባሕር ዛፍ፣ ደግሞ እንሰት። መንገድ ዳር አናናስ የሚሸጡ ሴቶች ጋ ቆምን። ሦስት በሁለት መቶ ብር። ሻጯ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አየቻትና "ይቺ እንዴት ዕቃ ትጭናለች?" አለችኝ። እውነትም አናናሶቹ ዲላ ድረስ ጭኔ ላይ ተቀምጠው ሄዱ።

ዲላ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አስፋልቱ እየተጠገነ ኖሮ ወደ ተለዋጭ መንገድ አስወጡን። ጠጠር ነው። ካሌብ በእግረኛ ፍጥነት ይነዳል፤ አህያ ሳይቀር ቀደመን። መሐል ላይ ከቀኝ የፊት ጎማ በኩል "ጭርርርር" የሚል ድምፅ ጀመረ፤ ጥርስ ያፋጫል። ካሌብ ፊቱ ተለወጠ። ቆመን፣ ወደ ኋላ ተመልሰን፣ እንደገና ወደ ፊት ስንሄድ ድምፁ ጠፋ።

"ጠጠር ነው። ወጣ፣ ወጣ!" አለ። እኔም አመንኩት።

ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፤ ዲላ መግቢያ

ከተማው ገና ሲቀበለን ግራ የፊት ጎማችን ተነፈሰ። ደግነቱ ጎሚስታው ቤት ፊት ለፊት ነው። ጎማ ሠሪው ኮስታራ ሰው ነው፤ መኪናዋን አይቶ አልተደነቀም፤ ክሪኩን አስገብቶ አነሳት፣ ቡሎኖቹን ፈታ፣ ጎማውን ደፈነ። ሊመልሰው ሲል ካሌብ ዘሎ መሐል ገባ።

"ቆይ! ቆይ! ጎማውን እኔ እገጥመዋለሁ። ዲስኩን ከነካኸው ይሰበራል።"

ሰውየው እጁን ጠራርጎ ወደ ኋላ ቆመ። ካሌብ ሸሚዙን ሰብስቦ ጎማውን አቅፎ አነሳ። ጎማው ከባድ ነው። ቸርኬው ከእጁ ተንሸራቶ የዲስኩን ጠርዝ መታው።

"ጠቅ" አለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ስባሪ መሬት ላይ ወደቀች። ጎማ ሠሪው ጎንበስ ብሎ አያት፣ ቀና ብሎ ካሌብን አየው፤ "እኔ አልነካሁም" አለ። ካሌብ ስባሪዋን አንስቶ እንደ ተነቀለ ጥርስ በመሐረብ ጠቀለላት። ማዘን ነበረብኝ። ግን ሳቄ አመለጠኝ፤ ጎማ ሠሪውም ጀርባውን አዙሮ ትከሻው ሲርገፈገፍ አየሁት።

ቅዳሜ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፤ አሹ ጋራዥ

ሆቴላችን የጠቆመን መካኒክ አሸናፊ ይባላል፤ ሁሉም አሹ ይለዋል። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፤ እያዜመ ነው የሚሠራው። መኪናዋን በዝግታ ነድተን ስናስገባ ዘፈኑን አቆመ።

"ዶክተር፣ ምን ሆና ነው?"

"ሴራሚኩ ተሰበረ" አለ ካሌብ።

"ሴራሚክ ከሆነማ ምን ችግር አለ! ማዶ መሸጫ አለ። ስንት በስንት ነው?"

"የወለል አይደለም!"

"የግድግዳ ነው?"

ጉዳዩ እስኪብራራ ድረስ ሦስት የባጃጅ ሹፌሮች ተሰብስበው ነበር። አንደኛው ነገሩን ባጭሩ ቀጨው፤ "በቃ ሸክላ ነው ማለት ነው።" ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው? በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሸክላ ፍሬን ያላት መኪና ዲላ መግባቷ ገበያ ድረስ ተወራ።

አሹ ግን ቀልደኛ ቢሆንም ሥራ አዋቂ ነው። "ብረት ቢሆን ቶርኖ ቤት ልኬ አስተካክልልዎ ነበር። ይሄን አልነካም፤ የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ" አለ። ካሌብ አዲስ አበባ ለሚያውቀው፣ እንዲህ ያሉ መኪኖችን ለሚሠራ መካኒክ ፎቶ ላከ። ሰውየው ደወለ፤ ስብራቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ነው፣ ሸራው የሚጨብጠው ፊት ላይ አልደረሰም፣ ቀስ ብለህ መንዳት ትችላለህ አለው።

ካሌብ ጮቤ ረገጠ! አሹን አቀፈው፣ እኔን አቀፈኝ፣ የባጃጁን ሹፌር ሳይቀር አቀፈው። ነገ ወርቃ እንወጣለን!

"ትናንት ጮኸ ያላችሁት የቀኙስ?" አለ አሹ። "እሱን ሳላይ አልለቃችሁም።" የቀኙንም ዲስክ አወጣ። ከኋላው ካለው መከለያ ላይ ባቄላ የምታህል ጠጠር ተሰክታ ተገኘች። ዲስኩ ላይ ግን በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ግራና ቀኙ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ የግራው ጠርዙ ተጎርዷል፣ የቀኙ ሙሉ ነው። ሰው ሁሉ በየተራ እያነሳ ክብደታቸውን ይሞክራል። "ወረቀት ነው እንዴ?" ይላል አንዱ፤ "ባዶ ነው!" ይላል ሌላው።

ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት፤ እዚያው

ወይዘሮ ቡርቱካን የገቡት ያኔ ነው። ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ከጋራዡ አጥር ሥር ድስትና ማሰሮ ይሸጣሉ። ቀጭን፣ ረጅም ሴት፣ ቀልጣፋ እጅ።

"የሸክላ ፍሬን ያለው ማን ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ሸክላ ሠራሁ፤ መኪና ሲያቆም አላየሁም" አሉ። ሳቅ ሆነ።

አሹ የግራውን ዲስክ አንስቶ "ይኸው እናታችን፣ የተሰበረው ይሄ ነው" አላቸው። እሳቸው ስብራቱን አላዩትም። በመሐሉ ቀዳዳ ገመድ አስገብተው አንጠለጠሉትና በጣታቸው አንጓ ጠርዙን መቱት። "ቂንንንን..." አለ፤ ረጅም፣ ጥርት ያለ ድምፅ። ፈገግ አሉ። ከዚያ የቀኙን፣ ሙሉውን፣ አንጠለጠሉ። መቱት።

"ዷ።"

እንደገና መቱት። "ዷ።"

"ያኛው ደህና ነው" አሉ። "ይሄ ግን ሞቷል።"

አሹና ባጃጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ካሌብ ግን አልሳቀም።

"እባክዎ ይድገሙልኝ" አለ። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፤ የግራውን፣ የቀኙን፣ እንደገና የግራውን። ከዚያ በዝግታ "እኔም ጥርስ የማውቀው እንዲህ እያንኳኳሁ ነው" አለ።

"ታዲያ ታውቃለህ" አሉት ወይዘሮ ቡርቱካን። "ሸክላ ፊቱን ያሳምራል እንጂ ድምፁን መደበቅ አይችልም።"

አሹ ዲስኩን አጥቦ አደረቀው። ካሌብ መነጽሩን አውልቆ፣ የስልኩን መብራት በጎን አድርጎ፣ ዓይኑን ከዲስኩ ላይ ሊያጣብቀው ደረሰ። ከአንዱ የቡሎን ቀዳዳ የተነሳች፣ ከፀጉር የቀጠነች መስመር ወደ ውጭ ጠርዝ ትሄዳለች። አሹ ገለበጠው፤ በጀርባውም አለች። ዘልቃለች።

አሹ ዲስኩን ቀስ ብሎ ጨርቅ ላይ አስቀመጠው።

ፎቶውን ለአዲስ አበባው መካኒክ ላክን። መልሱ አጭር ነበር፤ "ከዚያ እንዳታንቀሳቅሳት።"

ካሌብ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። የወርቃን ቁልቁለት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በአንድ በኩል ኮረብታ፣ በሌላው ገደል፣ ኩርባው ማለቂያ የለውም። ነገ ጠዋት እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ፣ አጠገቡ ሙሽራ ተቀምጣ... "ሙሽራ ይዤ እኮ ነበር የምወርደው" አለ። ተነስቶ የወይዘሮ ቡርቱካንን ሁለት እጆች ሳመ። እጃቸው ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር፤ ከንፈሩ ላይ ቀረ። እሳቸውም ደንግጠው "ኧረ ተው ልጄ!" ሲሉ የጭቃ ፂሙን አየነው። ያኔ ሳቁ ከየት እንደመጣ አላውቅም። አሹ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ አለቀስኩ፤ የሳቅ ይሁን የድንጋጤ እስካሁን አልለየሁትም።

ምን እናድርግልዎ ብንላቸው "ሠርጉ ላይ ጥሩኝ፤ ሌላ ምን አለ?" አሉ።

ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ አንድ የስልክ ጥሪ

ምሳ እዚያው ጋራዡ ውስጥ፤ ቆጮና ጎመን፣ በአይብ። ማንም አልቀመሰውም፤ ለሰላማዊት ገና አልነገርናትም። በመጨረሻ ካሌብ ስልኩን ከእጄ ወሰደና ራሱ ነገራት፤ አንድም ነገር አልደበቀም። ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎታል። ከዚያ ሳቋ ፈነዳ።

"ዶክተር፣ አባዬ መኪናዋን በፎቶ ካየ ጀምሮ ጸሎት ላይ ነው! 'ጌታ ሆይ፣ ልጄ በዚህች ነገር ከወርቃ አትውረድ' እያለ። ተሰማለት ማለት ነው!"

ከኋላዋ የአዛውንት ድምፅ "አሜን!" ሲል ተሰማን።

"በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ሚኒባስ እወርዳለሁ" አለች። "ግን እኔ ስለ ቢጫዋ መኪና ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። መንዳቱ ቢቀር መግባቱ አይቀርም!"

አሹ በጥፍሩ ጢሙን እያከከ ሲያዳምጥ ቆየ። "ከሚጋቡበት፣ ከጋራዤ አጠገብ ካለው ቤተ ክርስቲያን እስከ አዳራሹ መንገዱ ሜዳ ነው" አለ። "የእጅ ፍሬኗ የኋላ ጎማ ላይ ነው፤ የራሱ ሸራ አለው፤ አይቼዋለሁ፣ ጤነኛ ነው። ጎማዎቿ ላይ እንድትቆም ያህል ዲስኮቹን እመልሳለሁ፤ የእግር ፍሬኑን ግን ማንም አይነካም። እንገፋታለን!"

እሑድ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል፤ ዲላ

ይህን የምጽፈው በአዳራሹ ደጃፍ ተቀምጬ ነው፤ ጫማዬን አውልቄአለሁ። መኪናዋ የብረት ዲስክ በልኳ እስኪመጣላት አሹ ጋ ትከርማለች፤ እኔና ካሌብ ነገ በአውቶቡስ እንመለሳለን። እሱ ግን የነገ ነው። የዛሬውን ልንገራችሁ።

መዘምራኑ እየዘመሩ ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ወጡ። መኪናዋ በአበባ ተሸፍናለች። መቀመጫዋ ሁለት ብቻ ነው፤ ካሌብ መሪውን ቢይዝ ከሙሽሮቹ አንዱ በእግሩ ሊሄድ ነው። ታምራት መንጃ ፈቃድ የለውም። ሰላማዊት ቬሎዋን ሰብስባ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ መሪው ጋ ገባች፤ ታምራት ከጎኗ ተቀመጠ።

"መንዳት ትችያለሽ?" አላት ካሌብ።

"የአባዬን ፒክአፕ ወርቃ ላይ የሚነዳው ማን መሰለህ?"

ሞተሩን አስነሳላት፤ ማርሹ ባዶ ነው። ከኋላ አሹ፣ አምስት የባጃጅ ሹፌሮች፣ ያ ኮስታራ ጎማ ሠሪ፣ ነጠላቸውን አገልድመው ወይዘሮ ቡርቱካን፣ እኔ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!" ተንቀሳቀሰች። ሰላማዊት ነዳጁን ረገጠች። መኪናዋ እንደ አንበሳ አገሳች፤ ፍጥነታችን ግን የእግረኛ ነው። ሕዝቡ በእልልታ ቀለጠ። ደግማ ረገጠች፤ ደግማ አገሳች፤ እኛ ከኋላ በሳቅ እየወደቅን እንገፋለን። አባቷ ከጎን በፍጥነት እየተራመዱ "ቀስ! ቀስ በሉ!" ይላሉ፤ ከእኛ ቀስ የሚል ፍጡር በዚያ መንገድ ላይ አልነበረም።

ካሌብ በሹፌሩ መስኮት በኩል እጁን አስገብቶ፣ ወደ እጅ ፍሬኑ ዘርግቶ፣ ሱፉን እንደለበሰ ይሮጣል። ላቡ ይንጠባጠባል። ለአዳራሹ በር ሃያ እርምጃ ሲቀረን ሰላማዊት ዞር ብላ አየችው።

"ዶክተር፣ እጅህን አውጣ። ፍሬኑን የምይዘው እኔ ነኝ።"

አወጣ። እሷም በሩ ላይ ዓይኗን ጥላ ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ ከዚያ በነጭ ጓንቷ ማንሻውን ጨብጣ ሳበችው። መኪናዋ ከደረጃው ፊት፣ ምንጣፉ ላይ፣ ቀጥ ብላ ቆመች።