በእህቴ ሠርግ የጠፋው መብራት

ልጅ ሳለሁ፣ ሰበታ የነበረው ቤታችን ገና ኤሌክትሪክ ሳይገባለት፣ ስለ ኤሌክትሪክ የሚተረት ተረት ነበረን። ተራቹ ጎረቤታችን ኦቦ ቶላሳ ነበሩ፤ በከተማችን ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ያረጁ ሰው። አመሻሽ ላይ ማንደጃው አጠገብ ይቀመጡና፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰው፣ ሌላው ሽማግሌ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ እንደሚያወራው እሳቸው ስለ ቮልት፣ ስለ አምፔርና ስለ ኦም ያወሩልን ነበር።

በተረታቸው ውስጥ አንድ ጠባብ በር ያለው ገበያ ነበር። ቮልት ሕዝቡን ከኋላ የሚገፋ ጉልበተኛ ነው፤ አምፔር በበሩ የሚያልፈው የሰው ብዛት፤ ኦም ደግሞ የበሩ ጥበት። «የገፊውን ጉልበት ለአላፊው ብዛት ብታካፍሉት ጥበቱን ታገኛላችሁ፤ ሁለቱን ብታባዟቸው ደግሞ ዋት ይወጣችኋል፣ የግፊያው ሙቀት» ይሉና ፍሙን ቆስቆስ ያደርጉታል። «ሰው ከመጠን በላይ ሲታጨቅ መንገዱ ራሱ ይግላል።» ከዚያ ቁጥር ሰጥተው ሒሳብ ያሠሩኛል። እኔ ያኔ ተረት የምሰማ እንጂ ትምህርት የምማር አይመስለኝም ነበር።

አባቴም በዚህ ይኮራ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር መሐል አቁሞ ሒሳብ ያሠራኛል፤ ሰው ሲያጨበጭብልኝ እሱ ጢሙን ያሻሻል። እንደዚያ ለእንግዳ መታየቱን እንዴት እጠላው ነበር!

መብራት በገባልን ዓመት፣ በጥር፣ ታላቅ እህቴ አስካለ ተዳረች። ዳሱ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተከድኖ ነበር፤ ቅጠሉ በሦስት ቀን ፀሐይ ክው ብሎ ደርቋል። አባቴ በቅጠሉ ሥር ቀጭን ሽቦ ዘርግቶ አራት አምፖል ሰቀለ፤ ጎረቤት ይይልኝ ብሎም ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ ተዋሰ። ሙሽራው ከተፍኪ በዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል ተብሎ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል እንኳ አልመጣም። ወጡ ቀዘቀዘ። ሴቶቹ ምድጃዎቹን ዳሱ ውስጥ አምጥተው በአምፖሎቹ ሽቦ ላይ አስቀጠሏቸው፤ ወዲያው ጭነት ሲበዛ መብራት የሚያቋርጠው ቫልቮላ ተቃጠለና ቤቱ ጨለመ። ሙሽራ ሳትወጣ መብራት መጥፋቱ ገድ የለውም ተብሎ ሁሉም ደነገጠ። የአጎቴ ልጅ ሮጦ ሄዶ ዳግመኛ እንዳያቋርጥ ቫልቮላው ውስጥ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞበት መጣ። መብራቱ ቦግ ሲል እልልታው ቀለጠ።

ኦቦ ቶላሳ ግን እጃቸውን ወደ ሽቦው ሰድደው ነበር። «ይሄ ለአምፖል የተዘረጋ ነው፤ ከሦስት አምፔር በላይ አይችልም። ምድጃዎቹን ንቀሉ፣ ዳሱ ይቃጠላል» አሉ።

ይቃጠላል! በሠርግ ቤት! እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። አባቴ ፊቱ ተለዋወጠ። «ኦቦ ቶላሳ፣ በልጄ ሠርግ ባያሟርቱብኝ ምን አለ?» አላቸው፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ሽማግሌው የፋብሪካው የማታ ፈረቃ መግቢያ ጥሩምባ ሲነፋ ኮታቸውን አንስተው ወደ ሥራቸው ሊሄዱ ተነሡ፤ በአጠገቤ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምድጃው ላይ የተጻፈውን አንብቢ» አሉኝና ሄዱ።

አነበብኩት። ሁለት መቶ ሃያ ቮልት፣ አምስት አምፔር። በልቤ አካፈልኩ፣ አባዛሁ፣ ደመርኩ። የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታም አፍንጫዬን ነካው። አስካለ ተከናንባ የተቀመጠችበት ጓዳ መውጫው በዳሱ በኩል ብቻ ነበር። ከመንገዱ የሙሽራው መኪና ጥሩምባ ተሰማ፣ ሴቶቹ ለመቀበል ተንጋጉ። «ይቃጠላል» ብል በጥፊ እንደምመታ፣ በእህቴ ትዳር ላይ የሚደርሰው ክፉ ሁሉ ዕድሜ ልኬን በእኔ እንደሚላከክ አውቃለሁ። ዝም ብልስ? ፈራሁ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ሄጄ አባቴ ፊት ቆምኩ። «አባባ፣ ለእንግዶቹ ሒሳብ ልበልላቸው?»

ሌላ ጊዜ ተለምኜ ነው። ደስ አለው። «በይ እስቲ!»

«ሁለት መቶ ሃያ ለአምስት ሲካፈል አርባ አራት ኦም» አልኩ እየጮኽኩ። «ሁለት መቶ ሃያ በአምስት ሲባዛ ሺህ አንድ መቶ ዋት። ምድጃው ሁለት ነው፤ አምስትና አምስት አሥር አምፔር። ሽቦው የሚችለው ሦስት!»

አጨበጨቡልኝ። አንድ አዛውንት «እደጊ፣ እደጊ!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። እንባዬ መጣ። «አባባ፣ ሽቦው የሚችለው ሦስት ነው» አልኩ ደግሜ።

ጢሙን የሚያሻው እጁ ቆመ። አላየኝም። እጁን ወደ ላይ ሰድዶ ሽቦውን ነካና እሳት እንደነካው ሰው ነጥቆ መለሰው። ከዚያ ወደ ቆጣሪው ሄዶ መብራቱን አጠፋው።

ሙሽራው ከነሚዜዎቹ የገባው በጨለማ ነው። የእህቴ ሠርግ በኩራዝ አለቀ፤ እናቴ እያለቀሰች፣ የሙሽራው ዘመዶች እያጉተመተሙ። ሲሄዱ አባቴ ኩራዝ ይዞ ወንበር ላይ ወጣና ሽቦውን አወረደው። የሽቦው የላስቲክ ልባስ ቀልጦ ጣቱ ላይ ተጣበቀ። በላዩ የነበረው ቅጠል መዳፍ በሚያህል ስፋት ጠቁሯል፤ ገና ሲነካው ዱቄት ሆነ። ለእኔ ብቻ አሳየኝና አራገፈው። «ጎበዝ» አላለኝም። በማግስቱ ግን አመሻሽ ላይ ኦቦ ቶላሳን ራሱ ሄዶ ይዟቸው መጣ፣ ማንደጃው አጠገብ ከእኛ ከልጆቹ ጋር መሬት ተቀመጠና «እስቲ ያንን የገበያውን ነገር ከመጀመሪያው ይንገሩን» አላቸው።

ያ ተረት ዛሬም አብሮኝ አለ። የሰው ቤት ስገባ ከሰላምታው በፊት እጄ ሽቦ ይፈልጋል። አስካለ ታዲያ ዛሬም ስትናደድ «በጨለማ የዳራችሁኝ» ትለናለች። የጠቆረውን ቅጠል አላየችውም፤ ብነግራትም «ታዲያ ምን ተቃጠለ?» ትለኛለች። እኔም ዙሪያዋን የተቀመጡትን ስድስት ልጆቿን አያለሁና ምንም አልተቃጠለም እላታለሁ።