ፈንቴ መንዳት ካቆመ ወዲህ

እስራኤል ውስጥ ባለችው ቂርያት መላኪ ከተማ ፈንቴን የማያውቅ ሐበሻ ጥቂት ነው። በቤኤር ቱቪያ የፋብሪካ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ ሰው የሚያውቀው ግን በመኪናው ነበር። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለው፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ ገዴራ ከተማ ሠርግ የተጠራ ሁሉ ወደ እሱ ይደውላል። አውቶቡሱ ከሰፈራቸው ራቅ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ ጉልበት የከዳው ሰው ወይ ፈንቴን ይለምናል፣ ወይ ቤቱ ይቀመጣል። እሱ ደግሞ እምቢ ማለት አያውቅም። ሲጠሩት ደስ ይለው ነበር።

ባለፈው ዓመት ስኳር በሽታ ዓይኑን አደከመው። ሐኪሟ መርምራ ስትጨርስ ከእንግዲህ መንዳት እንደሌለበት ነገረችው። ፈንቴ ሪሽዮኑን፣ ማለት መንጃ ፈቃዱን መለሰ፤ መኪናውን ያቭኔ ለሚኖረው ለወንድሙ ልጅ ለአሳፍ ሰጠው። ከዚያ ከቤት መውጣት ተወ። ባለቤቱ ማሪቱ ምግብ ስታቀርብለት እንኳ ቀና ብሎ አያያትም ነበር። ከሁሉ የከበደው ገዴራ የምትኖረውን ታላቅ እኅቱን ታፈሰችን አለማየቱ ነው። እግሯ ከታመመ ጀምሮ በየሳምንቱ እየሄደ ያጫውታት ነበር። ልጁ ሻኒ እንደምትወስደው ነገረችው፤ እሱ ግን ከሥራ ደክማ ስትገባ እያየ መጠየቅ አልሆነለትም።

አንድ ቀን ሻኒ ስለ አዲሱ ትንሽ አውቶቡስ አወራችው። በስልክ ይጠሩታል፤ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱትን ከየቤታቸው አጠገብ እየለቀመ ያደርሳቸዋል፤ የሚሄድበትን መንገድም እንደ ተሳፋሪው ይለውጣል።

«እኔ እንደ ዕቃ በስልክ የምላክ ሰው ነኝ?» አላት።

«ዕቃማ ብትሆን እስካሁን ተልከህ ነበር» አለች ማሪቱ ከወጥ ቤት።

ፈንቴ ሳይወድ ሳቀ። በማግስቱ ሻኒ ወደ ገዴራ የሚሄደውን ጠራችለትና ወጣ።

አውቶቡሱ ከበሩ እምብዛም ሳይርቅ ቆሞ አገኘው። ሹፌሩ ኢዳን የሚባል ወጣት ነው፤ ወርዶ ክንዱን ይዞ አሳፈረው። ውስጥ ጎረቤቱ እትዬ የሺዓለም ተቀምጠዋል። ፈንቴ ስንት ጊዜ ወደ ሐኪም ቤት አመላልሷቸዋል። አጠገባቸው ሲቀመጥ አፈረ፤ ከእንግዲህ ሊረዳቸው እንደማይችል ነገራቸውና ይቅርታ ጠየቃቸው።

የሺዓለም እጁን ያዙት። «የኔ ልጅ፣ ውለታህን አልረሳም። ግን እውነቱን ልንገርህ፤ አንተን ላለማስቸገር ስንት ቀጠሮ አስቀርቻለሁ። አሁን ማንንም ሳልለምን እወጣለሁ።»

ቃሉ መጀመሪያ ወጋው። ጥሪ የበዛበት ይመስለው ነበር እንጂ ሳይደውሉ ስለቀሩት አስቦ አያውቅም። ሴትየዋ ግን ስለ ልጆቻቸው፣ ጎንደር ስለቀረው ወንድማቸው ማውራት ቀጠሉ። ያን ሁሉ ዓመት ከኋላው ሲቀመጡ እሱ መንገዱን ሲያይ፣ ወንድም እንዳላቸው እንኳ አልሰማም። ገዴራ ሲደርሱ ወሬውን አቋርጦ መውረዱ ከበደው።

ታፈሰች በሩን ስትከፍት አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እየሄደ ይጠይቃታል። አንዳንዴ አውቶቡሱ ይዘገያል፤ ተሳፋሪ የሚጠብቅበት ቦታም ጥላ የለውም፤ እነፈንቴ ከበጋ ፀሐይ ጋር ተፋጠው ነው የሚቆሙት። ለኢሪያው፣ ለከተማው ምክር ቤት፣ ሻኒ ጽፋላቸዋለች፤ መቀመጫው መጣ፣ ጥላው ገና ነው።

ከፋሲካ በፊት ደግሞ ፈንቴ ያላሰበው ነገር ሆነ። ታፈሰች ደውላ እሷም ልትመጣ እንደምትፈልግ ነገረችው። እግሯ ከታመመ በኋላ መኪናው ውስጥ ማጠፍ ስላቃታት፣ እሱ መኪና እያለው እንኳ ወደ ቤቱ መጥታ አታውቅም ነበር። በቀጠሮው ቀን ከፈንቴ ደጅ አጠገብ ሲደርሱ ኢዳን መወጣጫውን ዘረጋላት፤ የምትደገፍበትን ባለ ጎማ ብረት እየገፋች ቀስ ብላ ወረደች።

ፈንቴና ማሪቱ ደጅ ቆመው ጠበቋት። ፈንቴ ሹፌሩን በሁለት እጁ ጨበጠው።

«እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልጄ። እኅቴን አመጣህልኝ።»

ኢዳን አማርኛ ባይሰማም ገብቶታል። «ቤሰደር፣ አባ» ብሎ፣ ችግር የለም ማለቱ ነው፣ ፈገግ አለና ወደሚቀጥለው ጥሪ ሄደ።

ታፈሰች ክፍሉን ሁሉ ዞራ አየች፤ መጋረጃውን ዳሰሰች፤ የልጆቹን ፎቶ አንድ በአንድ እያነሣች መቼ እንደተነሡት ጠየቀች። ፈንቴ ከኋላዋ እየተከተለ ይነግራታል። ማሪቱ ምሳው እንደቀረበ ብትጠራቸውም፣ ሁለቱም አልሰሟትም።