አዳዳ የተባለችው ሴት

እናቴ ከለቅሶ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ነው የምትጀምረው። እድሩ ይቀብራታል፤ እኔና ወንድሜም እናለቅስላታለን፤ ይሄን አትክድም። «በእናቴ በኩል ግን ‹እህቴን› ብሎ የሚያለቅስልኝ የለም» ትላለች። እናቷ ለእናቷ አንድ ነበረች፣ እሷም ለእናቷ አንድ። ያሳደገቻት አያቷ ደግሞ ጎባ ላይ ከሰሜን ከመጣ ወታደር ጋር የኖረች ሴት ናት። ከባሏ ጋር ከመንዝ እንደመጣች በቤታችን ሲነገር ኖሯል። መንዝ ድረስ ሰው ልከን አስጠይቀን ነበር። ወታደሩን የሚያውቁ ተገኙ፣ እሷን ግን ሰምቷት የሚያውቅ የለም። እናቴ ያኔ ተስፋ ቆረጠች። እኔ እልኸኛ ነኝና አልተውኩትም።

ወንድሜ የሚኖረው ሮቤ ነው፤ ሚስቱ የጊኒር ልጅ ናት። አንድ ቅዳሜ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቷ ገና አፏን እየፈታች ናት፤ እኔን ስታይ «አዳዳ» ብላ እጇን ዘረጋች።

እናቴ ከተቀመጠችበት ቀና አለች። «የአያቴን ስም ማን ነገራት?»

የወንድሜ ሚስት ሳቋ እያመለጣት፣ ስም ሳይሆን የአባት እህት ማለት እንደሆነ ነገረቻት። እናቴ ኦሮምኛን እንደ አማርኛ ነው የምትናገረው፤ ቃሉ መቼ ጠፍቷት! ግን በልጅነት የገባ ነገር አይወጣም፤ የአያቷን አዳዳ ለብቻው አስቀምጣው ኖራለች። ማን ነበር እንዲያ የሚጠራት ብለን ያዝናት። ከገሰራ በፈረስ የሚመጣ ሰው ነው አለች። ገብስ ጭኖ ይመጣል፣ የአያቷን ጉልበት ይስማል፣ ሲያወሩ በኦሮምኛ ብቻ ነው። ለእሷ ገብስ ነጋዴ ነበር። ወይ እናቴ! የትኛው ነጋዴ ነው የደንበኛውን ጉልበት የሚስም?

ከዚያማ መንዝን ትተን እኔና ወንድሜ ገሰራ ሄድን። ባለ ፈረሱን የሚያስታውስ አላጣንም። እሳቸው ሞተዋል፣ ልጃቸው ግን አሉ፤ እሳቸውም እንደ እናቴ አርጅተዋል። አባታቸው አዳዳ ስለሚሏት አክስታቸው ይነግሯቸው ነበር፤ ወታደር አግብታ፣ ክርስትና ተነስታ፣ ጎባ ቀረች እያሉ። አባታቸው ካረፉ በኋላ ዘመዶቿን ፍለጋ ጎባ መጥተው በጥንት ስሟ ጠይቀው ነበር። በዚያ ስም የሚያውቃት አልነበረምና አዝነው ተመለሱ። እኛ መንዝን ስናስስ እሳቸው እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ እየጠየቁን ነበር።

የሚመጡ ቀን እናቴ ጭንቅ ጥብብ አላት። ሰውየው ሙስሊም ናቸው፤ ዶሮውን ማን ይባርከው? በመጨረሻ ሽሮ ይሁን ተባለ። ሽሮ ያላስታረቀው ሃይማኖት የለም።

ከነልጆቻቸው መጡ። በሩ ላይ ቆመው እናቴን ትክ ብለው አዩዋትና «ኦቦሌቲ ኮ» አሉ። እህቴ ማለታቸው ነው። እናቴን እንዲህ ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም። አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ያቺን አፏን በቅጡ እንኳ ያልፈታች ልጅ ለሰጠን አምላክ ዛሬም ምስጋናዬ አያልቅም።

ሲሄዱ እናቴ እስከ መንገዱ ሸኘቻቸው። ክንዳቸውን ይዛ፣ አንቱታውንም ጥላ፣ ቁጣ በሚመስል ድምፅ «ወንድሜ» አለች፣ «እንዲህ ዘግይተህ መጥተህማ ቶሎ አልሞትልህም።»